ብርማው ሸራ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች

ብርማ ሸራ ፊቱ በብረት ብናኝ ቀለም የተቀባ የፊልም መመልከቻ ነው። ከፕሮጀክተሩ የሚደርሰውን ብርሃን በየአቅጣጫው ከመበተን ይልቅ አብዛኛውን በፊት ለፊቱ ወደተቀመጠው ተመልካች ይመልሳል። በብር ይጠራ እንጂ በአብዛኛው ላዩ ላይ ያለው ብናኝ አሉሚኒየም ነው። እውነተኛ ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር እየተዋሐደ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ ዋጋውም አይቀመስም። አሉሚኒየም ግን በራሱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ለዓመታት ሳይጠቁር ይቆያል። ሲኒማን በጠቅላላ ‹‹የብር ሸራ›› ብሎ የመጥራት ልማድ ከፈረንጆቹ የመጣው ይህ ዓይነቱ ሸራ ብርቅ ሳይሆን የየአዳራሹ ዕቃ በነበረበት ዘመን ነው።

በነጭና በብርማ ሸራ መካከል ያለው ልዩነት ብርሃንን የመመለስ ጉዳይ ነው። ያልተወለወለ ነጭ ገጽ የደረሰበትን ብርሃን ለሁሉም አቅጣጫ በእኩል ያከፋፍላል። ስለዚህ ከመሃልም ከጠርዝም የተቀመጠ ሰው ያንኑ ድምቀት ያያል። ይህን ጠባይ በስሌት ያስቀመጠው ዮሐን ላምበርት ነው፤ ስለ ብርሃን ልኬት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1760 ነው። የብረት ብናኝ ግን ብርሃኑን በተወሰነ አቅጣጫ አጥብቦ ይመልሳል። አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲያርፍበት ከአንድ ወገን የሚያየውን ዓይኑን ያጥበረብረዋል፤ ከጎን ለሚያየው ግን ግራጫ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን የመመለስ ኃይል ‹‹ጌይን›› ይሉታል። የነጭ ሸራ ጌይን 1 ተብሎ ሲወሰድ የብርማ ሸራ ከ1.8 እስከ 2.4 ይደርሳል። ሸራው ብርሃን አይፈጥርም። ከመሃል ላለው የሚጨምረውን ከጠርዝ ካለው ይወስዳል፤ የብርማ ሸራ ታሪክ ሁሉ የሚመላለሰው በዚህ ሒሳብ ዙሪያ ነው።

የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ሲያሳዩ ብርሃን ውድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች መብራት ደካማ ነው፤ ሸራውም ተራ ጨርቅ ነው። አንዳንዴ ማሽኑን ከጨርቁ ኋላ አቁመው ብርሃኑ ዘልቆ እንዲወጣ ጨርቁን በውኃ ያርሱት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አሥርት ሲኒማ የራሱን አዳራሽ ሲይዝ፣ አዳራሹ ደግሞ እየረዘመ ሲሄድ፣ መብራቱን ከማጎልበት ሸራውን መቀባት ይረክስ ነበርና ብርማ ቀለም ተለመደ። እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የጥቁርና ነጭ ፊልም ዋነኛ ማረፊያ ይኸው ነበር። ለጥቁርና ነጭ ፊልም ይስማማዋል፤ ጨለማውን ጥልቅ፣ ብርሃኑን የሰላ አድርጎ ያሳያል።

ፊልም ኢትዮጵያ የደረሰው ፈጥኖ ነው። ከፓሪሱ ትርኢት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሽኑና ጥቅልሉ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተዋል። በጊዜው እንዲህ ላለ ትርኢት ከአቡጀዴ የተሻለ ዝግጁ ነገር በአገር ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በየገበያው የሚሸጥ፣ ወርዱ ሰፊ፣ ያልተነከረ የጥጥ ጨርቅ ነው። አቡጀዴ ብርሃንን በደንብ ይበትናል፤ ይሁንና ሽመናው ልል በመሆኑ ጥቂቱን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ከኋላው ሌላ ጨርቅ ወይም በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ካላገኘ ምስሉ ይደበዝዛል። ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሲኒማ በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ነበር። ከተሜው ‹‹ሰይጣን ቤት›› አለው፤ ስሙም ከሲኒማው በላይ ዕድሜ አገኘ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሞተ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየትን ካህናቱም ምእመኑም በቀላሉ አልተቀበሉትም። ስሙ ተራ ቀልድ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ከበሩ ያስቀረ ፍርድ ነበር።

ጥቅልሎቹ የሚመጡት በጅቡቲ በኩል ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ወዲህ የፊልም ሣጥን ከሌላው ሸቀጥ ጋር ለገሐር መራገፍ ጀመረ። የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ሴሉሎይድ ነበር፤ ይህ ደግሞ አንዴ ከተያያዘ በውኃም የማይጠፋ ነገር ነው። የማሽኑ ክፍል ከአዳራሹ በግንብ ተለይቶ፣ ብርሃኑ በትንሽ መስኮት ብቻ እንዲወጣ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍሉ ከሸራው በራቀ ቁጥር ሌንሱ፣ መብራቱና ሸራው ተስማምተው መመረጥ ነበረባቸው።

የፋሺስት ወረራ ዘመን ሲኒማን በሁለት መልክ አመጣ። አንደኛው የፕሮፓጋንዳ ፊልም ነው፤ የጣሊያኑ ሉቼ ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ያሠራጭ ነበር። ሁለተኛው የአዳራሽ ግንባታ ነው። አሥመራ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ የዘመኑን ምኞት እስከ ዛሬ ያሳያል። በአዲስ አበባም ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ሳይጨርሱት ወጡ። ሕንፃው ከነጻነት በኋላ በፈረንሳዊው አርክቴክት ሔንሪ ሾሜት ንድፍ ሰፍቶና ተለውጦ፣ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተመረቀ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ነው። በፊልም ቤትነት የተጀመረ ግንብ ለመድረክ ሲለወጥ ሸራው ከቋሚ ግድግዳ ወደሚሰቀልና ወደሚወርድ መጋረጃ ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ በላዩ ላይ ያለውን ቅብ ይነካል። ብርማ ቅብ መታጠፍም መጠቅለልም አይወድም። በታጠፈበት ይሰነጠቃል፤ መስመሩም በእያንዳንዱ ደማቅ ትዕይንት ላይ ይታያል።

ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ፒያሳ፣ ሲኒማ ራስና አዲስ ከተማ መርካቶ፣ አምባሳደር ደግሞ ወደ ስታዲየሙ አቅጣጫ። ለሁለት ትውልድ የከተማዋ የፊልም ካርታ ይህ ነበር። አምባሳደር ለአካባቢው ስሙን እስከ መስጠት ደርሷል። መርካቶ የህንድ ፊልም ወዳጅ ነበር፤ ፒያሳ የምዕራቡን ያዘወትራል። ከእነዚህ አንዳቸውም በከተማዋ ደቡብ ባለው በዛሬው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወሰን ውስጥ አልነበሩም። ደቡቡ በ1920ዎቹ በተተከለው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ስሙን ያገኘ፣ ኋላም በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች የተደረደሩበት፣ ከዚያ ወዲያ እርሻ የነበረ ምድር ነው። የጎፋ፣ የመካኒሳ ወይም የሳሪስ ነዋሪ ፊልም ሲያምረው ወደ ሰሜን አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። ሲኒማ ቤት የሚሠራ ነጋዴ የሚፈልገው የእግረኛ መተላለፊያ፣ ቡና ቤትና የምሽት መብራት ነው። የፋብሪካ ሠፈር ሦስቱንም ዘግይቶ አገኘ።

ድምፅ ያለው ፊልም ሸራውን በሌላ መንገድ ለወጠው። ከ1927 እ.ኤ.አ. በኋላ ተዋናዩ የሚናገረው ከአፉ እንዲመስል ድምፅ ማጉያው ከሸራው ኋላ መቆም ነበረበት፤ ድፍን ጨርቅ ደግሞ ድምፁን ያፍናል። መፍትሔው ሸራውን መብሳት ሆነ። ቀዳዳዎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ በጥቅሉ ከሸራው ገጽ አምስት ከመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ከሩቅ አይታዩም፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ግን የተዋናይት ጉንጭ ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይገኛሉ። ያረጀን ሸራ ‹‹ለማደስ›› በብሩሽ ቀለም መቀባት አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ምስሉ ይደምቃል፣ ንግግሩ ግን ከትራስ ሥር የሚወጣ ያህል ይታፈናል። አሠሪው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያማርር ተመልካች ይገዛል።

ብርማው ሸራ በነጭ ተተክቶ ሊረሳ ሲል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሁለት ነገሮች መልሰው አመጡት። የመጀመሪያው ሦስት ገጽታ ያለው ፊልም ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ‹‹ብዋና ዴቪል›› ጫጫታውን ጀመረ። ታሪኩ በምሥራቅ አፍሪካ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ስለሚበሉ አንበሶች ነው፤ ፊልሙ የሆሊዉድ ቢሆንም። አሠራሩ በኤድዊን ላንድ የፖላሮይድ ማጣሪያ ላይ የቆመ ነው። ሁለት ማሽኖች፣ አንዱ ለቀኝ ሌላው ለግራ ዓይን፣ ብርሃናቸውን በተለያየ አቅጣጫ ‹‹አጣርተው›› አንድ ሸራ ላይ ይጥላሉ፤ የተመልካቹ መነጽር ደግሞ ለየዓይኑ የየራሱን ያሳልፋል። ነጭ ሸራ እዚህ አይሠራም። ብርሃኑ ወደ ነጩ ቅብ ዘልቆ ብዙ ጊዜ ተላግቶ ስለሚወጣ ማጣሪያው የሰጠውን አቅጣጫ ያጣል፤ ሁለቱም ምስሎች በሁለቱም ዓይኖች ይገቡና ተመልካቹ ድርብ ነገር ያያል። ብረት ግን ብርሃንን ከላይ ከላዩ ስለሚመልስ አቅጣጫውን አያበላሽም። በቴክኒኩ ረገድ የብርማ ሸራ ሊተካ የማይችል ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዋጋ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ሲኒማስኮፕ ነው። እስከዚያ ድረስ የምስሉ ወርድ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ነበር። ፎክስ ኩባንያ በ1953 እ.ኤ.አ. ‹‹ዘ ሮብ››ን ሲያወጣ ወርዱን 2.55 እጥፍ አደረገው። ያው መብራት እጥፍ በሚጠጋ ገጽ ላይ ሲፈስ ምስሉ ይጨልማል። ስለዚህ ኩባንያው በአሉሚኒየም የተሸፈነ፣ ፊቱ በደቃቅ ሞገድ የተሠራ ሸራ አብሮ ለገበያ አቀረበ። ሞገዶቹ ብርሃኑን ወደ ጎን በልክ ያሰፉታል፤ ወደ ጣሪያና ወደ ወለል የሚባክነውን ይቀንሳሉ። ከጎን የተቀመጠን ሰውም ያሰበ ሥራ ነበር።

የቀለሙን ነገር ለመረዳት ከሲኒማ ቤት ይልቅ ንፋስ ስልክ የተሻለ ቦታ ነው። የንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ ከአገሪቱ ታዋቂ ቀለም አምራቾች አንዱ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ጋራዦችና የብረታ ብረት ቤቶች ደግሞ በርና የውኃ ታንከር የሚቀቡበትን የአሉሚኒየም ቀለም ‹‹ሲልቨር›› እያሉ ያውቁታል። የሸራው ቅብም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም የአሉሚኒየም ስስ ቅርፊቶችን በማጣበቂያ ውስጥ የበጠበጡ ናቸው። የሚለዩት በቅርፊቱ ጠባይ ነው። የበር ቀለም ቅርፊቶች በቀለሙ ላይ ተንሳፍፈው፣ ጎን ለጎን ተኝተው፣ መስታወት መሰል ገጽ ያበጃሉ፤ ዝናብና ፀሐይን ለመከላከል የተፈለገውም ይኸው ነው። ይህ ቀለም ሸራ ላይ ቢረጭ መሃል ላይ የፕሮጀክተሩ መብራት ራሱ እንደ ነጭ እድፍ ይታያል፤ ዳርና ዳሩ ጨለማ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ይህን ችግር ‹‹ሆት ስፖት›› ይሉታል። ለሸራ የሚሆነው ቅርፊቶቹ በማጣበቂያው ውስጥ ሰጥመው በተለያየ ማዕዘን የሚቀመጡበት፣ ብርሃኑን በመጠኑ የሚያፈዝ ማደብዘዣ የተጨመረበት ቀለም ነው።

አቀባቡም የራሱ ጥበብ አለው። ብሩሽም ሮለርም አይነካውም፤ በኮምፕሬሰር ይረጫል። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሲደርቅ ከላይ ወደ ታች፣ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። እጅ በሚዘገይበት ቦታ ቅርፊቱ ይበዛና መስመር ይቀራል። መስመሩን ባዶ ሸራ ላይ ማየት ያስቸግራል፤ ካሜራው በሰማይ ላይ ሲያልፍ ግን በምስሉ ላይ የቆመ ዝናብ ይመስላል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ሸራው የሚቀባው ተወጥሮ እንደቆመ በሐዲድ ላይ በሚሄድ መርጫ የሆነው ለዚህ ነው። ከተቀባ በኋላ በጣት መንካት ክልክል ነው። የቆዳ ቅባት የሚተወው ምልክት አይለቅም፤ በውኃ ማጠብ ደግሞ ብናኙን ያነሳል። ነጭ የቪኒል ሸራ በለስላሳ ጨርቅና በለዘብተኛ ሳሙና ይጠረጋል፤ ብርማው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራው ከሚነሳለት በቀር ብዙ መታከም አይችልም።

ከአዳራሹ ቅርጽ ጋር ያለው ጉዳይም ቀላል አይደለም። አንዳንድ ብርማ ሸራዎች ከመሃሉ መስመር 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ሲራቅ ድምቀታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጠባብና ረጅም አዳራሽ ውስጥ ይህ ማንንም አይጎዳም። ለቴአትር ታስቦ በማራገቢያ ቅርጽ በተሠራ ሰፊ አዳራሽ ግን የዳር ወንበር ትኬት የገዛው ሰው ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ፊልም ያያል። ፎቁ ላይ ያለውም የራሱ ችግር አለው፤ ብርሃኑ ከመጣበት ክፍል አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ ሸራው ቀጥ ብሎ ከቆመ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ታችኞቹ ወንበሮች ያጋድላል። ሸራውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበልና በመጠኑ ማጉበጥ የተለመዱ መላዎች ናቸው። ቴአትርም ስብሰባም የጥምቀት ሰሞን ኮንሰርትም በአንድ መድረክ በሚያስተናግድ አዳራሽ ግን ጉብጥ ሸራ ማቆም ቦታ መሻማት ነው። ለዚህ ዓይነት ቤት ነጭ ሸራ ይመረጣል። የአዲስ አበባ ታላላቅ አዳራሾች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ከሸራው ፊት ለፊት፣ ከግንቡ ኋላ፣ የማሽን ሠራተኛው ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 27 ሜትር ያህል ይፈሳል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 600 ሜትር ጥቅልል ከ22 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው ይቀባበላሉ። በምስሉ ቀኝ ማዕዘን ላይ ብልጭ የምትለው ክብ ነጥብ ለሠራተኛው የተሰጠች ምልክት ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል፣ በሁለተኛዋ ያሻግራል። መብራቱ ካርቦን ነው። በሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ መካከል የኤሌክትሪክ ነበልባል ይቀጣጠላል፤ ዘንጎቹ እየነደዱ ሲያጥሩ ሠራተኛው ክፍተታቸውን እየጠበቀ ያቀራርባቸዋል። ቢዘናጋ ነበልባሉ ይወዛወዝና ሸራው ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። አዳራሹ በፉጨት የሚናጠው ያኔ ነው። ሸራው ብርማ ሲሆን ጥፋቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ የመብራቱን ጉድለት አይሸፍንም።

ይህን ያህል ድካም የጠየቁት ሸራዎች የተቀበሉት በአብዛኛው የውጭ ፊልም ነው። የአገር ውስጥ ሥራዎች ጥቂት ነበሩ፤ በ1957 ‹‹ሂሩት አባትዋ ማነው›› በጥቁርና ነጭ ወጣ፤ በ1966 የሚሼል ፓፓታኪስ ‹‹ጉማ›› ተከተለ። ከአብዮቱ በኋላ የግል ሲኒማ ቤቶች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። የፊልም ኮርፖሬሽን በ1978 ተቋቋመ፤ በ1991 ፈረሰ። በእነዚህ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የዜኖን አምፖል ካርቦንን እየተካ ነበር። የዜኖን ብርሃን ጠንካራና ያልተቋረጠ ስለሆነ የሸራውን እገዛ እምብዛም አይፈልግም፤ ነጭ የቪኒል ሸራ የበላይነቱን ያገኘውም በዚህ ሳቢያ ነው። ሸራ ግን ማንም ቶሎ የማይለውጠው ዕቃ ነው። ማሽን ሲበላሽ ትርኢቱ ይቆማል፤ ሸራ ሲያረጅ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨለመ ስለሚሄድ ማንም አያስተውለውም። የሲጋራ ጭስ ያወይበዋል፤ የበጋው አቧራ በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ከበስተኋላው የሚገባ አየር በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ የጥቀርሻ ነጥብ ይተዋል። ሲጋራ በአዳራሽ ውስጥ በሚጨስበት ዘመን የነበረ ብርማ ሸራ መሃሉና ዳሩ ሁለት ዓይነት ቀለም ይዞ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ሲኒማ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሠፈሮች የገባው ያለ ሸራ ነው። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ሥርጭት ቢጀምርም ለብዙ ዓመታት የጥቂቶች ንብረት ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የቪዲዮ ማጫወቻ ሲረክስ በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። አንዱ በቀበሌ አዳራሽ፣ አንዱ በቆርቆሮ ቤት፣ አንዱ በሰው ግቢ። የቻይና የካራቴ ፊልም፣ የህንድ ፊልም፣ የአሜሪካ የጦርነት ፊልም ሰዉ በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ያይ ነበር። ማያው የቴሌቪዥኑ መስታወት ነው፤ ራሱ ያበራል፣ ቀለምም ቀዳዳም አያስፈልገውም። ከአራተኛው አግዳሚ ወዲያ የተቀመጠ ልጅ ግን ፊልሙን ከማየት ይልቅ ከፊቱ ካለው ሰው ትከሻ ጋር ሲታገል ያመሻል። አቡጀዴ ወጥሮ በፕሮጀክተር ማሳየት ይህን ይፈታ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱን ማጨለም፣ ውድ አምፖል መግዛትና መብራት ሲጠፋ መጠበቅን ይጠይቃል። ብዙዎቹ ቪዲዮ ቤቶች በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማሳያ ሆኑ።

የአማርኛ ዲጂታል ፊልም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲነሳ ትልልቆቹ አዳራሾች እንደገና ተሞሉ፤ የብርሃን ችግሩም አብሮ ተመለሰ። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት በቪዲዮ ካሜራ ነው፤ 35 ሚሊ ሜትር ማሽን አያነባቸውም። አዳራሾቹ ቪዲዮ ፕሮጀክተር ማስገባት ነበረባቸው። አንድ 5,000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር ምስሉን 10 ሜትር ወርድና 5.6 ሜትር ቁመት ባለው ነጭ ሸራ ላይ ቢጥል እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 89 ሉመን ያህል ይደርሰዋል። ነጩ ሸራ ይህን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ዓይን የሚያየው ድምቀት ወደ 28 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይሆናል። የዘመኑ ዲጂታል ሲኒማ መለኪያ 48 ነው፤ ለፊልም ማሽን ደግሞ ያለ ፊልም ሲበራ 55 ነበር። በጌይን 1.8 ብርማ ሸራ ላይ ያው ደካማ ፕሮጀክተር 51 ካንዴላ ይሰጣል። ከ100 ዓመት በፊት የደካማ መብራት መድኃኒት የነበረው ቅብ ለዚህኛው ደካማ መብራትም መድኃኒት መሆን ይችላል ማለት ነው፤ የዳር ወንበሮቹን እስከተወ ድረስ። የሌሊት ትዕይንቱ ምንም የማይታይ ፊልም ሲወቀስ ጥፋቱ ሁልጊዜ የካሜራ ባለሙያው ነበር ማለት አይቻልም።

የግል ባለሀብቶች ያመጧቸው ቤቶች በዚሁ ጊዜ ተከተሉ። የፊልም ሠሪው የቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖል፣ የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሲኒማ፣ በኤድና ሞል ሦስት አዳራሽ የያዘው ማቲ ሲኒማ ከታወቁት ነበሩ። አዳራሾቹ ከቀድሞዎቹ ያነሱ፣ ወንበራቸው ወደ መሃል የተሰበሰበ ነው፤ ለብርማ ሸራ የሚመች ቅርጽ ይኸው ነው። በዓለም ገበያም ብርማው ሸራ ሦስተኛ ዕድሜ ያገኘው በዚሁ ሰሞን ነበር። ሪልዲ የተባለው የዲጂታል ሦስት ገጽታ አሠራር በ2005 እ.ኤ.አ. ገበያ ገባ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ‹‹አቫታር›› በየአገሩ ሲኒማ ቤቶችን ሸራ አስለወጠ። እዚህ ላይ ብርማነቱ ለሁለት ጉዳይ ይፈለጋል። አንደኛው ከላይ የተባለው የብርሃን አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው ማጣሪያውና መነጽሩ ከብርሃኑ አብዛኛውን መዋጣቸው ነው፤ ለሦስት ገጽታ ፊልም በተመልካች ዓይን 15 ካንዴላ በካሬ ሜትር ከደረሰ በቂ ተብሎ የተወሰደው ሌላ ምርጫ ስለሌለ ነው። በዚያው አዳራሽ በማግስቱ ተራ ፊልም ሲታይ ግን መሃሉ የሚያበራ፣ ዳሩ የሚጨልም ምስል ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ የአማርኛ ፊልም እያሳየ በወር አንዴ ባለመነጽር ፊልም ለሚያመጣ ቤት ብርማ ሸራ መስቀል ኪሳራ ነው። መነጽሩ ራሱ ተራ በተራ ዓይን የሚከፍትና የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ ዓይነት ከሆነ ነጭ ሸራ ይበቃዋል፤ የመነጽሩ ዋጋና የባትሪው ጣጣ ግን ይጨምራል።

ለአዲስ አበባ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ በአየር ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ የፕሮጀክተር አምፖል በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለው ይልቅ ይሞቃል። ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን የማራገቢያ ማስተካከያ ካልተደረገ ዕድሜው ያጥራል። አምፖሉን በሙሉ ኃይሉ ላለማንደድ የሚፈልግ ቤት የጎደለውን ከሸራው ጌይን ሊያገኝ ይችላል።

አሁን ገበያ ላይ ያለው አዲስ ነገር ፕሮጀክተርን ጨርሶ የሚያስቀር የኤልኢዲ ማያ ነው። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ መሰቀል የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በአዲስ አበባ አደባባዮች ማስታወቂያና የእግር ኳስ ጨዋታ ከሚያሳዩት ትልልቅ ማያዎች ጋር መሠረቱ አንድ ነው፤ የአዳራሹ ዓይነት ግን ነጥቦቹ የተቀራረቡና ጥቁሩ የጠለቀ ነው። ራሱ ስለሚያበራ ብርማ ቅብ አይፈልግም፣ የዳር ወንበርም አይጨልምበትም። ድፍን ስለሆነ ግን በቀዳዳ ድምፅ አያሳልፍም፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ከማያው በላይና በታች ተቀምጠው ንግግሩ ከመሃል የመጣ እንዲመስል በስሌት ይስተካከላሉ።